የአያቴ ሩብ ወርቅ፦ በጥቃቅን የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የተደረገ የሃያ አንድ ምላሽ ውይይት

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት ነው። ሴት አያቱ ካረፉ በኋላ ከማተባቸው ላይ የተፈታች አንዲት የወርቅ ሳንቲም ለእርሱ ደርሳው ነበር። ስፋቷ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም፤ በአንድ ገጿ ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው አንበሳ ይታይባታል፤ ከአናቷ ላይ ደግሞ ማተቡ የሚያልፍበት ማንጠልጠያ ተበይዶባታል። የተጻፈባትን ፲፰፻፹፱ ዓመተ ምሕረት አይቶ የዳግማዊ ምኒልክ የዘውድ በዓል መታሰቢያ እንደሆነች ገምቷል። ወርቅ ቤት ወስዶ ሲያስመዝናት 2.06 ግራም ሆነች፤ ወርቅ ሠሪውም ሃያ አንድ ካራት ገደማ ናት ብሎ በስባሪ ወርቅ ሂሳብ ሊገዛው ጠየቀው። ወጣቱ ሳይሸጣት ተመለሰና ሦስት ነገር ጠየቀ፦ ይህች ሳንቲም በትክክል ምንድን ናት? ማንጠልጠያዋን ማስነሳት ይገባልን? ከእርሷ ተነሥቶ ትንንሽ የጥንት የወርቅ ሳንቲሞችን መሰብሰብ ቢጀምርና በአውሮፓ ጨረታ ላይ ያያትን አንዲት የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ቢገዛ ነውር አለበትን? ምላሾቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ ቃል አቀርባለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ የእኔ ስለሆነ ከወገንተኝነት ነጻ ነኝ አልልም።

በ1ኛው ምላሽ ሳንቲም በመሰብሰብ ረጅም ልምድ ያለው አንድ ሰው በትሕትና ማንነቷን ነገረው። የያዘው ሩብ ወርቅ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንድ ወርቅ 7 ግራም፣ ግማሽ ወርቅ 3.5 ግራም፣ ሩብ ወርቅ 1.75 ግራም እየመዘኑ የተመቱ ሲሆን፣ ከአንድ ሺህ እጅ 900ው እጅ ንጹሕ ወርቅ ነው። ይህም በካራት 21.6 ስለሚሆን ወርቅ ሠሪው በግምቱ አልተሳሳተም። በሚዛኑ ላይ የታየው ትርፍ ሦስት ዐሥረኛ ግራም የማንጠልጠያውና የብየዳው ክብደት ነው። በመጨረሻም በስባሪ ሂሳብ እንዳይሸጣት አጥብቆ መከረው፤ በግራም ሂሳብ የሚከፈለው ለወርቁ ብቻ እንጂ ለምስሉና ለጽሑፉ አይደለምና።

2ኛው ምላሽ የዓመቱን ስሕተት አቃና። ፲፰፻፹፱ በእኛው አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1896 እና 1897 ላይ ይወድቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓመተ ምሕረት ስለሆነ በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት አለ። ስለዚህ ሳንቲሟ የዘውድ በዓል መታሰቢያ ሳትሆን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ከተደረገው የዐድዋ ጦርነት ቀጥሎ ያለውን ዓመት የያዘች ናት። ጸሐፊዋ አንዲት የታሪክ መምህር ነበሩ። ሰባኪ ሳይመስሉ፣ የግዕዝ ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው እንኳ በውጭ አገር ካታሎግ ተመርቶ ዓመቱን ሲያዛባ ብዙ ጊዜ እንዳዩ ጽፈዋል። ወጣቱ በ3ኛው ምላሽ ስሕተቱን ተቀብሎ አመሰገነ፤ 4ኛው ደግሞ በአንበሳው ዙሪያ የሚገኘው ጽሑፍ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የሚል መሆኑን ብቻ አክሎ አለፈ።

እንደ እኔ አመለካከት የክሩ ምርጥ ክፍል 5ኛው ምላሽ ነው። የጻፉት በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ አዛውንት አንጥረኛ ናቸው። በወጣትነታቸው ሩብና ግማሽ ወርቅ ለጆሮ ጉትቻና ለቀለበት እንዲቀልጥ ሲመጣ እንደነበር፣ እርሳቸውም በእጃቸው እንዳቀለጡ በግልጽ ተናገሩ። በዚያን ጊዜ ላመጣችው እናት ለልጇ ሰርግ የሚሆን ወርቅ እንጂ ሳንቲም አልነበረም። ቀጥለው አንድ ደንበኛቸው በሩብ ወርቅ ስም ስለገዛው ነገር አወጉ፤ ሲፈተሽ በወርቅ ውሃ የተነከረ የምኒልክ ግርሽ ሆኖ ተገኘ። ግርሹ ከብር የተመታ ትንሽ ሳንቲም ነው፤ 1.40 ግራም ይመዝናል፤ በስፋቱ ከሩብ ወርቁ ጋር ስለሚቀራረብ፣ በ1889 የተመታም ስላለ ዓይንን በቀላሉ ያታልላል። መለያውን እንዲህ አስረዱ፦ ሳንቲሙ በቀጭን ክር ታስሮ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲመዘን፣ ዘጠና እጁ ወርቅ የሆነው ሩብ ከክብደቱ ላይ አንድ ዐሥረኛ ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ የብሩ ግርሽ ግን ከሩቡ የቀለለ ሆኖ ሳለ 0.14 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ብር ከወርቅ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛልና። በመፈተኛ ድንጋይ መፋቅን አልመከሩም፤ ምክንያቱም ከሁለት ግራም ያልሞላ ሳንቲም ላይ የሚፋቀው እያንዳንዱ ጭረት ከምስሉ የሚወሰድ ነው።

በ6ኛው ምላሽ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ምክሩን ሳይቃወም አረመው። በወርቅ ቤት የተለመደው ሚዛን የሚያነበው እስከ አንድ መቶኛ ግራም ነው። ልኬቱ በአንዲት መቶኛ ብትዛባ የሩብ ወርቁ እፍጋት ከ15 በላይ እስከ 19 ድረስ ይዋዥቃል፤ ይህም ብርን ከወርቅ ይለያል እንጂ የወርቁን ንጽሕና አይወስንም። ስለዚህ እስከ ሺህኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። በተጨማሪም ማንጠልጠያው ከምን እንደተሠራ ስለማይታወቅ በወጣቱ ሳንቲም ላይ ይህ ፈተና በቀጥታ አይሠራም። አዛውንቱ ይህን እርማት በጸጋ እንደተቀበሉ ከታች ይታያል። ሳንቲሙ ባነሰ ቁጥር ፈተናው እየጠበበ መሄዱ በዚህ ዘርፍ የሚሰማራ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

7ኛው ምላሽ ውይይቱን ወደ አክሱም ወሰደው። ጸሐፊው የሩብ ወርቅ ክብደት ከክርስቲያኖቹ የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ሳንቲም ክብደት ጋር መቀራረቡን አስተውሏል፤ የአክሱሙ 1.6 ግራም ገደማ ነው። ከዚህም ተነሥቶ ምኒልክ የአክሱምን ልክ ሆን ብለው መልሰው እንዳቆሙት በእርግጠኝነት ደመደመ። 8ኛው ምላሽ ድምዳሜውን ለመቀበል አልፈለገም፤ ያቀረበው ማስረጃም አሳማኝ ነው። የአክሱም ሳንቲም 1.6 ግራም የሆነው በኢዛና ዘመን ሲሆን መነሻው የሮም ገንዘብ ነው። ቆስጠንጢኖስ ሊብራ የተባለውን የሮም ክብደት መለኪያ ለ72 ከፍሎ 4.5 ግራም የሚመዝነውን ሶሊዱስ የተባለ የወርቅ ሳንቲም አወጣ፤ የአክሱሙም ወደዚያው ሲሶ ተጠጋ። የምኒልክ መነሻ ግን ሌላ ይመስላል። ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም ከዚሁ ጋር ይተካከላል። አንድ ወርቅ 7 ግራም የወቄት ሩብ ነው፤ ሩብ ወርቅ ደግሞ የወቄት ዐሥራ ስድስተኛ። ስለዚህ ሁለቱ ሳንቲሞች በዐሥራ አምስት መቶ ዓመታት ተራርቀው በክብደት መገናኘታቸው የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ አንዱ በሮም ሊብራ፣ ሌላው በገበያችን ወቄት በኩል የመጡ ናቸው። ሲሶና ሩብ የሚሉት ቃላት ዛሬም በእህልና በመሬት ክፍፍል እንደሚሠሩ በማስታወስ ጽሑፉን ጨረሰ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የአክሱሙን ወርቅ ሲሶ ብዬ መጥራት ጀምሬያለሁ።

በ9ኛው ምላሽ በካሊፎርኒያ የምትኖር አንዲት ተሳታፊ ከርዕሱ ትንሽ ወጣች። የወርቅ ጥድፊያው ከተነሣ በኋላ ዝርዝር ሳንቲም ስለጠፋ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1852 ጀምሮ የሳን ፍራንሲስኮ ጌጣጌጥ ሠሪዎች የሃያ አምስት ሳንቲም፣ የሃምሳ ሳንቲምና የአንድ ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች በግላቸው መምታት እንደ ጀመሩ ነገረችን። አንዳንዶቹ ክብ፣ አንዳንዶቹ ስምንት ማዕዘን ናቸው፤ ትንሿ ዐሥር ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ትሰፋለች። በአውሮፓውያኑ 1864 የወጣ ሕግ ማንኛውም ግለሰብ ገንዘብ እንዳይመታ ቢከለክልም ሥራው ወዲያው አልቆመም፤ የኋለኞቹ ያለፈ ዓመት እየጻፉባቸው መቱ። ዛሬ ድብ ተስሎባቸው የዶላር መጠን ሳይጻፍባቸው የሚሸጡት አብዛኞቹ ማስታወሻ እቃዎች እንጂ ገንዘብ አልነበሩም። ይህ ማፈንገጥ ያለ ጥቅም አልቀረም። በእኛ አገር ዝርዝሩን አሞሌ ጨው ይሸፍን ስለነበር ወርቅን እስከዚያ ድረስ ማሳነስ አላስፈለገም ወይ የሚል ጥያቄ አስነሣ፤ ይሁንና የተከተለው ሰው አልነበረም።

በ10ኛው ምላሽ የድምፁ ለስላሳነት አበቃ። አንድ ነጋዴ ማንጠልጠያው ሳንቲሟን ከሰብሳቢ ዓይን እንዳወረዳት፣ ጎበዝ ባለሙያ አንሥቶ ጠርዙን ቢያስተካክላት ዋጋዋ እንደሚያድግ ጻፈ። 11ኛው ምላሽ በቁጣ መለሰለት። ጸሐፊዋ ከድሬዳዋ የመጡ እናት ናቸው፤ በአገራቸው ድሪ ላይ የተሰደረ ሳንቲም እንዳለ፣ ያንን የተሸከመች አንገት እንደ ጉድፍ የሚቆጥር ሰው ስለ ታሪክ ቢናገር እንደማያምኑት ተናገሩ። ብየዳውን ለመንቀል እሳት እንደሚነካት፣ እሳቱም የአንበሳውን ፀጉር ሊያሟሟ እንደሚችል፣ ከዚያም በኋላ ጠርዙ ተስተካክሏል የሚባለው ሌላ ስሙ መጠገን ሳይሆን መሸፈን መሆኑን ገለጹ። ነጋዴው መልሶ ስድብ የሚመስል ቃል ወረወረ፤ የመድረኩ አስተዳዳሪም ሰረዘው።

12ኛውን ምላሽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነጋዴው ስለ ዋጋ የተናገረው እውነት ነው፤ የተበየደ ሳንቲም ካልተነካው ያነሰ ይሸጣል። የድሬዳዋዋ እናት የተናገሩት ግን ከዚያ ይበልጣል። ሩብ ወርቅ በገበያ ላይ እንደ ዝርዝር የሚወጣና የሚገባ ገንዘብ ከመሆን ይልቅ ስጦታ፣ ጌጥና ቅርስ ሆኖ ብዙ ቤት ኖሯል። ማንጠልጠያው የዚያ ሕይወት ምስክር ነው። ሳይነካ የቀረ ሩብ ወርቅ በሙዚየምም በጨረታም ይገኛል፤ በእነዚያ አያት አንገት ላይ የነበረው ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንጠልጠያው እንዲቆይ፣ ሳንቲሟ እንዳትወለወል፣ ከየት እንደመጣች የሚያውቁ ዘመዶች በሕይወት ሳሉ እንዲጠየቁና የነገሩት በጽሑፍ እንዲቀመጥ አሳሰብኩ።

13ኛው ምላሽ ከፍራንክፈርት ነበር። ጸሐፊው የአክሱም ሳንቲሞችን ለረጅም ጊዜ የሰበሰበ ኢትዮጵያዊ ነው፤ እውቀቱን ማንም ሊነፍገው አይችልም። አክሱም በአውሮፓውያኑ 270 ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ሳንቲም መምታት እንደ ጀመረች፣ የመጀመሪያው ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ እንደነበር፣ ከእርሱ በኋላ አፊላስ ከዋናው ወርቅ ያነሱ ክፍልፋዮችን አውጥቶ እንደነበርና እነርሱም ከእርሱ በኋላ እንዳልቀጠሉ ዘረዘረ። የወርቁ ጽሑፍ በባሕር ማዶ ንግድ ስለሚሄድ በግሪክ ቋንቋ ነው፤ ወርቁን በግዕዝ የጻፈው ዋዜባ ብቻ ነው። በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ግሪክኛው እየተበላሸ ስለሄደ፣ ፊደል የተሳሳተበት ሳንቲም ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብሎ መጣል ስሕተት ነው፤ ይልቁንም በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሳንቲም የሚታወቀው ጠርዙ ላይ በሚታይ ስፌት፣ በገጹ ላይ በሚቀሩ ትንንሽ ቀዳዳዎችና በደበዘዘ መስመር ነው። ስለ መስቀሉም ጻፈ፤ የኢዛና ሳንቲሞች በሙሉ መስቀል እንዳለባቸው ተናገረ። ይህችን 14ኛው ምላሽ ወዲያው አረማት፦ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ያስመታቸው ሳንቲሞች እንደ አባቶቹ ክበብና ግማሽ ጨረቃ አሉባቸው፤ መስቀሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የፍራንክፈርቱ ሰው እርማቱን ተቀበለ፤ ወደ ጨረታው ጥያቄ ሲሻገር ግን ጠነከረ። የአክሱም ወርቅ ባለቤት ካጣ ይቀልጣል፤ የሚከፍል ሰብሳቢ ካለ ግን ይተርፋል፤ ስለዚህ ወጣቱ ያለ ፍርሃት ይግዛ አለ።

15ኛው ምላሽ በጣም አጭር ነበር፤ ሆኖም የክሩን አቅጣጫ ለወጠ። የጻፈው በአክሱም ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በልጅነቱ ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር እርሻው ውስጥ ጎንበስ ብለው አረንጓዴ የለበሱ የመዳብ ሳንቲሞችን ይለቅሙ እንደነበር፣ ለጎብኚም በዳቦ መግዣ ዋጋ ይሸጡ እንደነበር አስታወሰ። ወርቅ ያገኘ ሰው ስለ ማግኘቱ ለማንም ትንፍሽ አይልም፤ የተገኘበት ጉድጓድ ግን ሌሊት ይሰፋል። የሚከፍል ሰብሳቢ ስላለ ነው የሚሰፋው አለ።

16ኛው ምላሽ የፍራንክፈርቱ ሰው ነው፤ ተቆጥቷል። እርሱ የገዛቸው ሁሉ ከድሮ የአውሮፓ ስብስቦች የመጡ መሆናቸውን ገለጸ፣ ሌባ እንደተባለ አድርጎ ወሰደው፣ የአገር ቤቱም ሰው በልጅነቱ ሸጦ ዛሬ ፈራጅ መሆኑን ነቀፈ። ይህ የመጨረሻው ነቀፋ ተገቢ አልነበረም። ለዳቦ የሸጠን ሕፃንና ካታሎግ ዘርግቶ የሚገዛን አዋቂ እኩል መጠየቅ ከፍትሕ የራቀ ነው።

በ17ኛው ምላሽ 2ኛውን የጻፉት መምህር ተመልሰው መጡ፤ ሙቀቱን ያበረዱትም እርሳቸው ናቸው። በመጀመሪያ ሕጉን አስቀመጡ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ አለበት፤ ቅርስንም ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ የጨረታው ጥያቄ ሳንቲሟ ቆንጆ ናት ወይ ከሚለው በፊት መቼ ከአገር ወጣች የሚል መሆን አለበት፤ ሻጩ የወጣችበትን ጊዜና መንገድ በወረቀት ካላሳየ መልሱ አለመግዛት ነው። ቀጥለው ስለ የመኑ የአል መዳሪባ ክምችት ጻፉ። በዚያ ከ800 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከሮም ሶሊዱሶች ጋር በአንድ ላይ ተገኝተዋል። አብረው በመገኘታቸው ሲሶውና ሙሉው ሶሊዱስ ከቀይ ባሕር ማዶ በአንድ ከረጢት ይቀመጡ እንደነበር እናውቃለን። እነዚያ ሳንቲሞች ተበታትነው በየጨረታው አንድ በአንድ ቢሸጡ ኖሮ እያንዳንዳቸው ውብ ሆነው ይቀሩ ነበር፤ አብረው የነገሩን ግን ይጠፋ ነበር። የፍራንክፈርቱን ሰው በስም ጠርተው አልወቀሱትም፤ የያዛቸውን ሳንቲሞች ክብደት፣ ፎቶግራፍና የግዢ ታሪክ ለተመራማሪዎች ክፍት ቢያደርግ ትልቅ ውለታ እንደሚሆን ለመኑት። እኔ ከመምህሯ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የማናውቀው ጉድጓድ ያወጣው ወርቅ በእጃችን ሲገባ፣ የንጉሡን ስም እናነባለን እንጂ ሳንቲሙን የያዘውን ሰው፣ የተቀበረበትን ቤትና አብረውት የነበሩትን ዕቃዎች ለዘለዓለም እናጣለን።

18ኛው ምላሽ የአዛውንቱ አንጥረኛ ነው። 6ኛውን አመስግነው፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ሳይሆን ወደ ወርቁ ምንጭ ሄዱ። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ነጋዴው ኮስማስ የአክሱም ንጉሥ መልእክተኞች ጨው፣ ብረትና ከብት ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር እንደሚሄዱ፣ ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾህ አጥር ላይ እንደሚያኖሩ፣ የአገሩም ሰዎች መጥተው ግብጦ የሚያህሉ የወርቅ ፍሬዎች ከላዩ አኑረው እንደሚርቁ፣ ሳይነጋገሩም እንደሚገበያዩ ተርኳል። አዛውንቱ ይህን ሲያነቡ የታያቸው የራሳቸው ሚዛን ነው፤ አንዲት የግብጦ ፍሬ የምታህል ወርቅ ተነጥፋ አንድ የንጉሥ ፊት ትሆናለች።

19ኛው ምላሽ ከፍራንክፈርት መጣ፤ ድምፁ ተለውጧል። ይቅርታ የሚል ቃል አልጻፈም። ከሳንቲሞቹ መካከል የአራቱ የግዢ ወረቀት ከአውሮፓውያኑ 1970 በፊት እንደሚሄድ፣ የሁለቱ ግን እንደማይሄድ ገለጸና፣ ስለ ሁለቱ ለመምህሯ በግል እንደሚጽፍ አስታወቀ። የአክሱሙ ልጅ ምንም አልመለሰለትም።

በ20ኛው ምላሽ ክሩን የከፈተው ወጣት ተመለሰ። በጨረታው ላይ ሻጩ ሳንቲሟ መቼ ከአገር እንደወጣች ሲጠየቅ ከአንድ የግል ስብስብ ከማለት በቀር ሌላ ስላልመለሰ ትቶታል። የአያቱን እህት በስልክ አግኝቷቸዋል። እርሳቸው እንደነገሩት ሳንቲሟ ለአያቱ የተሰጠችው የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ባስነሡ ቀን ከአማታቸው ነው፤ ማንጠልጠያውም የተበየደው ያኔ ነው። ስለዚህ አያስነሣውም። የግል ስብስቡን ከሌሎቹ የምኒልክ ጥቃቅን ገንዘቦች ሊጀምር አስቧል፤ መጀመሪያ የሚፈልገው በአዛውንቱ ታሪክ ውስጥ ያለውን የብር ግርሽ ነው፤ ከሩብ ወርቁ ጎን አስቀምጦ ልዩነቱን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶታል፤ ማተቡ ነትቦ ሊበጠስ ስለደረሰ ሳንቲሟን እንደ ቀድሞዋ የሚሸከም ክር እንዴት እንደሚገመድ የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው ለመነ።

በ21ኛው ምላሽ የድሬዳዋዋ እናት መለሱለት። ጥቁር የሐር ፈትል በሦስት እጥፍ ገምደው እንደሚያውቁ፣ ጫፉም በሳንቲሟ ማንጠልጠያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞሮ እንደሚቋጠር፣ ያኔ ወርቁ ክሩን እንደማይበላው ጻፉለት። የአንገቱን ልክ በስንዝር እንዲልክላቸውም ጠየቁት።